ጳጉሜን ስድስት ያስጨነቀቻቸው ሽማግሌ

አሜሪካ፣ ቻምብሊ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ካፌ ሩሐማና ፊሊሞን ይነታረካሉ። ለሁሉም ክፍት የሚያደርጉትን የሀበሻ ቀን መቁጠሪያ አፕ ኮድ የት ያስቀምጡት? ስህተት ያገኘ ሰውስ በየት በኩል አቤት ይበል? አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ሻያቸውን ረስተው ጆሯቸውን ተክለዋል። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ጉንጫቸው ላይ ግን የሶፋ ትራስ ስፌት ታትሞ ቀርቷል።

«ጊትሃብ ይሁን፤ ሁሉም ሰው እዚያ ነው» አለ ፊሊሞን።

«ኖ! ጊትላብን ራሳችን ሰርቨር ላይ ኢንስቶል እናደርጋለን። ሁለት ሳምንት ብቻ ስጠኝ» አለች ሩሐማ።

«ሁለት ሳምንት?» ሽማግሌው ደነገጡ። «ልጄ፣ ስልኬ ላይ ያለው አፓችሁ ጳጉሜን ስድስትን ዘሏታል እኮ! ቀኗ ደርሳለች፤ እኔ ደግሞ ያገባሁት በእሷ ነው። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ ቀን መርጬ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ! ባለፈው ረሳኋትና ይኸው እስካሁን ሶፋ ላይ ነኝ።»

ሩሐማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጊትሃብን ከፈተች። «እሺ አባባ፣ አቤቱታዎን አሁኑኑ እዚህ ላስገባልዎት። ስምዎን ማን ልበል?»

«ለማን ነው የሚታየው?»

«ለዓለም ሁሉ። ኦፕን ሶርስ ነዋ!»

ሽማግሌው ካፌውን በዓይናቸው ቃኘት አደረጉ። «እንግዲያው ‹አንድ መንገደኛ› በይ። ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ የማታነበው ነገር የለም።»