መርዶ ሳይነገር የተለቀሰ

የባለቤቴ አባት ማረፋቸውን የሰማሁት ለመዝናኛ ላሰብነው የመርከብ ጉዞ ሻንጣ ስናሰናዳ ነው። እኚህ አማቴ በሕይወት ሳሉ ስልክ ስንደውልላቸው «ደህና ነን» ብለው ጆሮዬ ላይ ስለሚዘጉ፣ እሳቸውን ማማት የእራት ሰዓት ወጌ ነበር። መሞታቸውን ደውለው የነገሩኝ እዚሁ ውጭ አገር፣ አቅራቢያችን ሜፕልዉድ ከተማ የሚኖሩት አጎቷ ናቸው። «እንዳትነግራት፤ ስትመለሱ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን መጥተን እናረዳታለን» አሉኝ። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፣ ባል ለብቻው አያወጣውም። ጉዞውን ልሰርዝ ብል ደግሞ ትጠረጥራለች። ከምንኖርበት ከሪችፊልድ በረዶ አውጥቼ ወደ ካሪቢያን ባሕር ይዣት ሄድኩ። መርከቡ ላይ የግዴን ስስቅ ሰነበትኩ።

አንዲት ደሴት ላይ ስንቆም ሌሎቹ በአስጎብኚ አውቶቡስ ሄዱ። እሷ ግርግር አትወድም፤ በእግራችን ወደ ውስጥ ገባን። ከወደቡ ራቅ ስንል ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ በረንዳዎቹ ባዶ ናቸው፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም። በዚያ ጠራራ ፀሐይ በረደኝ። «እንመለስ» አልኳት። እሷ ግን መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደፊት ትራመዳለች።

መታጠፊያው ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጥቁር ለብሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ለቅሶ የትም አገር ያስታውቃል፤ እኛ ደግሞ ለቅሶ ቤት አይተን ማለፍ አናውቅበትም። ባለቤቴ ሻርፗን እንደ ነጠላ አዘቅዝቃ ገባች።

አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩዋትና አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉላት፤ ተቀመጠች። እነማን ናችሁ ያለን የለም። አሮጊቷ እጇን ሲይዟት ባለቤቴ «አባዬ! አባዬ!» ብላ ጮኸች።

«ሺፑን ሚስ እናደርጋለን» አልኩ ሰዓቴን እያየሁ።

አልቅሳ ሲወጣላት ተነሳች። ስንመለስ መንገድ ላይ «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«አንተ ነህ። አባዬን ሳታማ ውለህ አታውቅም። ከቤት ከወጣን ግን አንዴ እንኳ አላነሳኸውም።» ቀጥላም «አጎቴ ሊያረዱኝ ሲመጡ እንዳልሰማ እሆናለሁ» አለች።

ሪችፊልድ በገባን ማግስት ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ነጠላ የለበሱ ዘመዶች ሳሎናችንን ሞሉት። አጎቷ ነገሯት፤ ሴቶቹ ጮኹ። እሷ ግን ጭጭ አለች። ማስመሰሉ እንኳ እምቢ አላት። ለቅሶዋን እዚያ ደሴት ላይ ትታው መጣች ብዬ ፈራሁላት።

ከዚያ እንደ ደሴቷ አሮጊት ሶፋው ላይ ጠጋ አለች፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ያህል። እጇን ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋች፤ የሰው እጅ እንደያዙ ሁሉ ጣቶቿ ቀስ ብለው ታጠፉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

አጎቷ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አስቀረኋቸው።