ግራው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል

የሀርጌሳን መኪና አሻሻጮች የማውቃቸው በእጄ ነው። ሰላምታቸውን ከመመለሴ በፊት መዳፌን የመኪናው ኮፈን ላይ አሳርፋለሁ። የናፍታ መኪና የሚገዛ ሰው ሱብሂ እንደሰገደ፣ ሞተሩ ሳይነሳ መድረስ አለበት። ኮፈኑ ሞቆ ካገኘው ሻጩ ቀድሞት ተነስቶ አሙቆታል ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚተፋውን ጭስ ገዢው እንዳያይ። ያኔ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ዞር ብዬ እሄዳለሁ። ባለጌ ይሉኝ ነበር መሰለኝ። ይበሉኝ።

መኪና የፈለግኩት ለጌጥ አልነበረም። ከተማዋ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ስለነበር ግንብ የሚያውቅ ሐበሻ ሥራ አያጣም። እኔና ሚስቴ ከኮምቦልቻ ስንመጣ ግንበኛ ነበርኩ፤ በኋላ ፎርማን ሆንኩ። ከዚያ ገቢሌ ላይ ትምህርት ቤት እንድገነባ ተጠየቅኩ። ገቢሌ ከሀርጌሳ በስተምዕራብ ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ዘመን መንገድ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አሠሪው «እዚያው እደር» አለኝ። አልችልም አልኩት። ሚስቴ ሼክ ኑር ሰፈር ያለውን ቤታችንን ትታ አትሄድም፤ ልጃችንን የቀበርናት እዚያው ቅርብ ነው። እኔ ካልገባሁ ደግሞ እህል አትቀምስም። አጠገቧ ተቀምጬ ስጎርስ ትጎርሳለች፣ ሳቆም ታቆማለች። ስለዚህ በየቀኑ ሄዶ በየቀኑ መመለስ ነበረብኝ።

የልጅቷን ነገር አንዴ ልናገረውና ይለፍ። አራት ዓመቷ ነበር። ትኩሳት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዐይኗ መዞር ጀመረ። ሚስቴን ከሷ ጋር ትቼ ታክሲ ፍለጋ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ቆመልኝ፤ ሶማልኛዬን ሲሰማ ሐበሻ መሆኔ ገባውና የማይቀመስ ዋጋ ጠራ። ተከራከርኩት፣ ጥሎኝ ሄደ። ሁለተኛውም ያንኑ ዋጋ ጠራ። እልህ ያዘኝ፤ «ሂድ፣ ሌላ አላጣም» አልኩት። እውነትም አላጣሁም። ሦስተኛውን ይዤ ስደርስ ሚስቴ ልጅቷን አቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ አልፋለች። የመጀመሪያው የጠየቀኝ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ተርፎም።

ለሚስቴ «መኪና ጠፋ» አልኳት። እሷም አልጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን የቀረው ወሬ «ውሃ መጣ?»፣ «መጣ» ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኛ ግን ነቀዘ። ሥራው፣ ሰላቱ፣ ምግቡ፣ ሁሉም አለ፤ ግን አንዱም አይሰማኝም፣ ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ። የሚሰማኝ አንድ ፍርሃት ብቻ ነበር። ያን ቀን ሁለት መኪና መመለሴን ሚስቴ ያወቀች ዕለት ትታኝ ትሄዳለች፤ ይሄንን ነው የምፈራው።

ወደ መኪናው ልመለስ። አየር ማረፊያው አካባቢ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ነበር፤ የሀርጌሳ ተወላጅ፣ ግን ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የሚፈጥን። የምፈልገውን ነገርኩት። ርካሽ፣ ናፍታ፣ በቀን አራት ሰዓት የሚነዳ፣ መለዋወጫው እዚሁ የሚገኝ። መልኩ አይጨንቀኝም አልኩት። በመጀመሪያው ጠዋት ፒክአፕ አሳየኝ። ኮፈኑን ነካሁት፤ ሞቋል።

«ፀሐይ መትቶት ነው» አለኝ።

ፀሐይ ገና አልወጣችም። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አልኩት፤ «ሌላ አሳየኝ።»

በማግስቱ ያመጣው መሪው በግራ ነው፣ ቀለሙም ያብረቀርቃል፣ ግን ቤንዚን ነው። ከገቢሌ ሀርጌሳ የሚመላለስ ሰው ቤንዚን ከገዛ የሚሠራው ለመኪናው ነው። መሪው በግራ የሆነ ናፍታ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አለ፤ ዋጋው ግን የኔ ቢጤ የሚደፍረው አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከጃፓን በዱባይ፣ ከዱባይ በበርበራ ወደብ የገባ ግራጫ ስቴሽን ዋገን አሳየኝ። ኮፈኑ ላይ ጤዛ አለበት። አስነሳሁት። አስሎ ነጭ ጭስ ተፋ፤ እስከ አስር ሳልቆጥር ጭሱ ጠራ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፍቼ መዳፌን አስቀመጥኩበት፤ ትንፋሹ አይገፋም፣ ደረቱ ጤነኛ ነው። ኪሎሜትር ቆጣሪው ትንሽ ይላል፤ የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ ግን ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ቆጣሪ ይዋሻል፣ እግር አይዋሽም። ይሁን፣ እኔም ብዙ የሄድኩ ነኝ።

«መሪው በቀኝ ነው» አለኝ ደላላው።

«እያየሁት ነው።»

«ግራው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም።»

ደላላው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ አገር የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ ርካሹ መኪና ሁሉ ግን መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጥግ በኩል ነው። ከፊቱ የጭነት መኪና ካለ፣ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው ግራ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ አንገቱን አስግጎ ቆይ ይላል፣ ወይም እለፍ ይላል። ሹፌሩም አምኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ሩቅ መንገድ ማንም ብቻውን የማይነዳው። ከከተማው መውጫ ላይ መንገደኛ ያሳፍራሉ፤ ሒሳብ አይጠይቁትም፣ ዐይኑ ይበቃል።

ደላላው ዋጋ ጠራ። «እሺ» አልኩት።

አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ተከራከር እንጂ።»

«አልከራከርም።»

ቅር አለው። ደላላ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ፣ ዋጋ አይደለም፤ እንደምን አደርክ እንደማለት ነው፤ መልስ ይፈልጋል። የኔ አፍ ግን ልጅቷ ካለፈችበት ረፋድ ወዲህ ለክርክር አይከፈትም። ሰውየው «በዛ አይደል?» አለኝ። ዝም አልኩት። ራሱ ቀነሰ። አሁንም ዝም ስለው ደግሞ ቀነሰ። ከራሱ ጋር ተከራክሮ ሲጨርስ እጄን ይዞ «ምነው ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩት። ቁልፉን ተቀብዬ ሄድኩ።

ሥራው ተጀመረ። ሱብሂ ሰግጄ እወጣለሁ፣ መውጫው ላይ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው አሳፍራለሁ። ፍየል ነጋዴ ይሆናል፣ አስተማሪ ይሆናል። አንዳንዱ ያወራል፤ መንገዱን እስካየልኝ ድረስ ያውራ። አንድ ሽማግሌ «እለፍ፣ እለፍ» እያሉ ሦስት የጭነት መኪና ካሳለፉኝ በኋላ፣ ስንደርስ ዐይናቸው ሞራ እንዳለበት ነገሩኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ጊዜ ግን እጃቸውን ይዤ አውርጄ ሥራዬ ገባሁ።

በኢድ ማግስት መንገደኛ አልነበረም። ብቻዬን ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ፍየል የጫነ መኪና ከፊቴ ገባ። አቧራውን ያበላኛል። ቀስ ብዬ ብከተለው ምን ነበረበት? ጊዜ አላጣሁም። ግን ወጣሁ። ሳላይ ወጣሁ። ሌላ የጭነት መኪና ፊት ለፊቴ ነበር። መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዘው መንገዱን ስቼ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁና ቆምኩ። ፍየል የጫነውም፣ ያኛውም መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቁጭ ብዬ የናፍታውን ንኳኳታ ሰማሁ። አልደነገጥኩም። ፍርሃቱ የመጣው ገቢሌ ደርሼ ብሎኬት ስቆጥር ነው፤ ሞትን አለመፍራቴ አስፈራኝ።

አመሻሹ ላይ ቤት ስደርስ ሚስቴ በር ላይ ነበረች። መኪናውን አየችው። ግራው በር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእሾህ ተቧጭሯል። ጣቷን በጭረቱ ላይ አስኬደች።

«እዚህ ጋ ማን ተቀምጦ ነበር?»

«ማንም።»

ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ ሰግጄ ስወጣ ግራው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አስነሳሁትና ሄድን።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሄድን። እሷ ካልተናገረች ማለፍ አልችልም፤ ተናገሪ የምልበት አፍ ደግሞ የለኝም። ከፊታችን ከሰል የጫነ ካለ እስከ ገቢሌ ድረስ ከኋላው እየተጎተትን አቧራውን እንበላለን። አሠሪው «ፎርማን ሁልጊዜ ያረፍዳል» ይላል። እሷ ቀኑን ሙሉ የብሎኬቱ ክምር ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ከዚያ እንመለሳለን። ዳቦውንም እኔ መጥቼ ካልጀመርኩ አትነካውም።

በአራተኛው ቀን መንገድ ላይ ዐይኔ እሷ ያለችበት በር ላይ አረፈ። ከውጭ ያለው የእሾሁ ጭረት ልክ ከትከሻዋ ትይዩ ነው። በኢድ ማግስት እንደወጣሁት ዛሬም ሳላይ ብወጣ መጀመሪያ የሚገጨው እሷን ነው። ይህን ሳስብ ፈራሁ። ከፊታችን የጭነት መኪና ነበር፤ ጀርባውን እያየሁ ተናገርኩ።

«ያን ቀን መኪና አልጠፋም» አልኳት። «ሁለት ቆመውልኝ ነበር። በዋጋ ተከራክሬ መለስኳቸው።»

ናፍታው ይንኳኳል። አሁን አቁምና አውርደኝ ትላለች ብዬ እግሬን ወደ ፍሬኑ አስጠጋሁ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሦስተኛው ሹፌር። ሁለተኛውን ስትመልስ ከኋላ ቆሞ አይቷል። ለቅሶ መጥቶ ነገረኝ።» ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።»

ለቅሶው የተቀመጥነው በቀብሩ ሳምንት ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ስጎርስ እያየችኝ ስትጎርስ፣ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«የት ልሂድ? ልጄ እዚህ ናት።» ወደ እኔ ዞራ «አንተን ደግሞ ለማን ልተው?» አለች።

ከቀብሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እየነዳሁ ነው ያለቀስኩት፤ መንገዱ ጠፋብኝ። እሷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣች፤ የሻሿ ጫፍ በነፋሱ ይመታል።

«ቆይ» አለች። አንድ ሚኒባስ በአጠገባችን አለፈ። «ሌላም አለ፣ ቆይ።» እሱም አለፈ። «አሁን ባዶ ነው። እለፍ።»

እኔ ምንም አላየሁም። አለፍኩ።

ያን ቀን በጊዜ ደረስን። ቀትር ላይ ዙሁር ሰግጄ ወደ ብሎኬቱ ክምር ስመጣ፣ ሚስቴ ፌስታሉን ፈትታ ዳቦውን ቆርሳ ነበር። እኔን ሳትጠብቅ እየበላች ነበር።