«ደከመኝ» ስላችሁ ምን ሰማችሁ?

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ወጥቻለሁ። አስቀድሜ ግን ወንበሩን ያመጣልኝን ወንድም ተባረክ ልበለው። ምስክርነት ቆሞ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ከዚህ መድረክ ተቀምጦ የተናገረ ሰው እኔም አላየሁም። ግን ቆሜ ከጀመርኩ ነገሩን ከመሃል ትቼው መውረዴ ነው። ደግሞስ ስለ ዕረፍት ልመሰክር መጥቼ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ብቆም ጌታም ይስቅብኛል! ስለዚህ ተቀምጬ ላክብረው። ስሙ ይክበር!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ሶዶ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ባለቤቴ አማኑኤል አረካ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። ጌታ ሁለት ልጆች ሰጥቶናል። ቤቴል ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ናቲ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነው።

ከመታመሜ በፊት የነበረችውን ሴት ታስታውሷት ይሆናል። ሯጭ ነበረች! መዘምራን ውስጥ እሷ፣ የእሑድ ትምህርት ቤት እሷ፣ ለቅሶ ቤት ወጥ ስታማስል እሷ፣ አራስ ልትጠይቅ ቦዲቲ ድረስ ስትወርድ እሷ። ሰዎች «አንቺ አትደክሚም እንዴ?» ይሉኛል። «ጌታ ነዋ ጉልበቴ!» እላለሁ። አሁን ሳስበው ያ ጉልበት የጤና ጉልበት ነበር፤ እኔ ግን እምነት ነው ብዬ እጠራው ነበር። ከጌታ ቤት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ጸጋ ሲሰበክ ከማንም በፊት አሜን እላለሁ። ውስጤን ቢጠይቁኝ ግን ጌታ የሚወደኝ ስለማገለግለው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ትኩሳት ያዘኝ። ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ትኩሳቱም ሄደ። ድካሙ ግን ቀረ። ተኝቼ እነሳለሁ፣ ልክ እንዳልተኛሁ ነኝ። ዛሬ ልብስ ካጠብኩ ነገ ማንኪያ ማንሳት ያቅተኛል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር እጀምርና መጨረሻው ይጠፋብኛል፤ ልጆቹ «ቲቸር፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። ከዚያማ እኔም አላውቀው!

ተመረመርኩ። ደም፣ ሽንት፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ ያልታየ ነገር የለም። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ሁሉም ኖርማል ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ። ወጣሁና ባጃጅ እስኪመጣ ግንብ ተደግፌ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ደግሞ ልትጠይቀኝ መጥታ «ምን ሆንሽ? እንዲያውም ወፍረሻል እኮ!» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

እንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልምጣ። በእህቶች ጸሎት ቀን የምትመራን እህት አስቴር «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እኔም እጄን አወጣሁና «እህቶቼ፣ በጣም ደክሜያለሁ፣ ጸልዩልኝ» አልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ ዘንድ «እገሌ ደክሟል» ሲባል ምን ማለት ነው? ሳቃችሁ ነገረኝ! ጸሎት ትቷል፣ ኅብረት አቁሟል፣ ዓለም ጎትታዋለች ማለት ነው። አጠገቤ የነበረችው እህት እጄን ጭብጥ አድርጋ «አይዞሽ፣ ጌታ ይቅር ባይ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታይፎይድ ይቅር የሚባልበትን ምክንያት እየፈለግሁ ነበር።

በሳምንቱ እህት አስቴርና ሽማግሌያችን ጋሽ ዳና ቤቴ መጡ። ጋሽ ዳና ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ይሄ ድካም ከመቼ ጀመረሽ?» አሉኝ።

«ከክረምት ጀምሮ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን አጋጥሞሽ ነው?»

«ታይፎይድ።»

እህት አስቴር ሰው በታይፎይድ ምክንያት ጌታውን እንዴት ይተዋል ብላ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሰውነቴን ነው፣ ጋሽ ዳና! ሰውነቴን ነው የደከመኝ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ቀስ ብለው «ልጄ፣ የሥጋው ከመንፈሱ ነው የሚጀምረው» አሉና ንስሐ አስገቡኝ። ያው እዚያ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፤ ተባረኩ ጋሼ። ክፋት የለባቸውም። የፈለጉት እንድመለስ ነው፤ እኔ ግን የትም አልሄድኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ «ደከመኝ» የሚለውን ቃል ከአፌ አጠፋሁት። «እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ጌታ ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።» ትምህርት ቤት በጣም ደህና ነኝ። ቤቴም ውስጥ፣ ለልጆቼም፣ ግድግዳ ይዤ እየሄድኩ፣ በጣም ደህና ነኝ።

አማኑኤል ግን አላመነኝም። እየጎተተ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰደኝ፤ ሴት ናት። ብዙ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ «ሥራውን በሠራሽ ቀን ሳይሆን በማግስቱ ነው የሚጥልሽ፣ አይደል?» አለችኝ። ማን ነገራት ብዬ ደነገጥኩ።

«ይሄ ሕመም ነው» አለችኝ። «ስንፍና አይደለም። አንዳንድ ሰው ላይ ከኢንፌክሽን በኋላ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። የሚያድን መድኃኒት አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። የምንሞክረው ነገር ግን አለ።»

የሚሞከረው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ማታ የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ ለእንቅልፍና ለሕመሙ፤ በትንሹ ጀምረን ቀስ እያልን የምንጨምረው። ሌላው ምክር ነው፦ «ሳይደክምሽ አቁሚ።»

«ሲደክመኝ ማለትዎ ነው፣ ዶክተር?»

«አይደለም። ሳይደክምሽ።»

ወገኖቼ፣ ሳይደክማት ሥራ የምታቆም ሴት በሰፈራችን ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ! ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ምክሩን እዚያው ጥዬው መጣሁ። ኪኒኑ መጀመሪያ ላይ አፌን ያደርቀው ነበር፣ ጠዋትም ያፈዝዘኛል። እየቆየ እንቅልፌ ትንሽ ተሻለ። እኔ ግን ትንሽ ጉልበት ባገኘሁ ቁጥር ቤቱን ሙሉ አጥባለሁ፣ በማግስቱ እወድቃለሁ። ዶክተሯ አንድ ነገር ስትሰጠኝ እኔ መልሼ እበትነዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣሁ። ቤቴል ቆላ ያለች አክስቷ ዘንድ ከርማ ተመልሳ ነበር። አንድ ቅዳሜ አማኑኤል ሥራ ሄዶ፣ እኔ ተኝቼ እሷ ናቲን ታበላለች። ውሃ ስታቀብለኝ እጇ ነካኝ። እሳት ነው! ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ይፋጃል።

«ቤቲዬ፣ መቼ ጀመረሽ?»

አቀረቀረች። «ትናንት ... ከትናንት ወዲያ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከነገርኩሽ ትነሻለሻ፣ እማዬ። ከተነሳሽ ደግሞ ነገ ትወድቂያለሽ። ዝም ካልኩ ይለቀኛል ብዬ ነው።» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረችና «በጣም ደህና ነኝ» አለችኝ።

የእኔን ቃል! በእኔው ድምፅ! ወገኖቼ፣ ከሕመሜ ሁሉ እንደዚያ ያመመኝ የለም። ልጄን ዝምታ አስተምሬያታለሁ። ናቲን ለጎረቤት ሰጥቼ ቤቴልን አቅፌ ወጣሁ፤ ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቷ ደረቴ ላይ ሆኖ አይኗ ይከደናል። ወባ ነው አሉን። የመረመራት ሐኪም «ብትዘገዩ ኖሮ ወደ ጭንቅላቷ ይወጣ ነበር» አለ። አልዘገየንም። ጌታ ይባረክ! መድኃኒቷን ጀምራ ይዣት ወደ ቤት ተመለስኩ።

የባለቤቴ እናት ይህን ሰምተው ከቦዲቲ መጡ። አዬ እንላቸዋለን፣ እናት ማለት ነው። እኔ ከዚያ ሩጫ በኋላ በማግስቱ ሰውነቴ ተሰብሯል፤ ቢሆንም ለልጄ አጥሚት ልሠራ ተነሳሁ። አዬ ትከሻዬን ይዘው መልሰው አልጋው ላይ፣ ከቤቴል ጎን አስቀመጡኝና በወላይትኛ አንድ ቃል ተናገሩኝ፦ «ሸምፓ!»

እረፊ ማለት ነው። ሌላ ነገር አላሉም፣ ወደ ማድቤት ሄዱ። እኔ ግን ቃሉ ያዘኝ። በቋንቋችን ነፍስ «ሸምፖ» ናት። እረፊ ሲባል «ሸምፓ» ነው። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ሁለቱንም ስናገራቸው ኖሬያለሁ፣ አስተማሪም ነኝ፤ ዘመድ መሆናቸውን ግን አስቤው አላውቅም። እኔ ማረፍን የሰነፍ ነገር ነው እላለሁ፣ ቋንቋዬ ደግሞ ከነፍስ ጋር አስቀምጦታል።

ጋደም አልኩ። ቤቴል በእንቅልፍ ልቧ እግሯን ሆዴ ላይ ጣለችው። ያን ቀን እኔ ለልጄ ምንም አልሠራሁላትም። እሷም ለእኔ ምንም አልሠራችልኝም፤ ውሃ እንኳ ማቀበል አትችልም። ታዲያ ፍቅሬ ቀንሶ ነበር? እንዲያውም እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም! ያኔ ነው የገባኝ። «ጌታ ሆይ» አልኩት፣ «እኔ እናት ብቻ ሆኜ እንዲህ ከወደድኩ፣ አንተማ ተኝቼም ትወደኛለህ ማለት ነው?» ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ልቤ ግን ዐረፈ። ስንት ዓመት ስዘምርለት የኖርኩትን ጌታ ያን ቀን አመንኩት። ሃሌሉያ!

ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ኪኒኑን እየወሰድኩ ነው፣ ሙከራውም አላለቀም። አሁን ግን ሳይደክመኝ አቆማለሁ። ተቀምጬ አስተምራለሁ፤ ርዕሰ መምህራችን ክፍለ ጊዜዬን ወደ ጠዋት አዙረውልኛል። ከመዘምራን ለጊዜው ወጥቻለሁ፣ ሲዘምሩ ስሰማ አሁንም ሆዴ ይባባል። ሽሮውን አማኑኤል ይሠራዋል፤ ይቀጥናል፣ ግን ይበላል! የምቆጥበው ጉልበት ለልጆቼ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ አልጋ ላይም ብሆን ነቅቼ እጠብቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን እወድቃለሁ። በወደቅሁ ቀን ለልጆቼ «ዛሬ ደክሞኛል» እላቸዋለሁ፣ እውነቱን።

እዚህ መካከል «በጣም ደህና ነኝ» እያለ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ጌታን እመኑት። በጉልበታችሁ አልገዛችሁትም፣ ጉልበታችሁ ሲያልቅም አይሸጣችሁም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ መድኃኒት ካለ ዋጡ፤ ጌታ በዚያ አይቀየምም። ሽማግሌዎቻችንም፣ ሰው ደከመኝ ሲላችሁ የትኛው ድካም እንደሆነ ጠይቁት!

ባለፈው ሐሙስ ቤቴል ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ከበሩ ወረወረችና፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «እማዬ! ጉሮሮዬን አመመኝ፣ ጫማው እግሬን ላጠኝ፣ ደግሞ ርቦኛል!» ብላ ጮኸች። የዚያን ቀን ሥራ ያልገባው አባቷ «ቀስ በይ፣ እናትሽ ...» ብሎ ሊያቆማት ጀመረ።

«ተዋት!» አልኩት። «ተዋት፣ ትናገር!»

ወገኖቼ፣ ልጄ አመመኝ አለችኝ! ጌታ ይባረክ!