ሰው የማይታይበት መቀመጫ

እትዬ ቀጣይ ጡረታ በወጣች በማግስቱ በገዛ ቤቷ ውስጥ የምትቀመጥበት አጣች። ሳሎን ገባች፤ ሶፋው ላይ ያልተዘመዘመ ሱሪ ተከምሯል። መኝታ ቤት ገባች፤ አልጋው ላይ የሆቴል አስተናጋጆች ሰደርያ ተዘርግቷል። ወጥ ቤት ገብታ በርጩማ ሳብ ብታደርግ፣ እሱም ላይ የኮት ቁልፍ የሞላ ቆርቆሮ ጉብ ብሎ ጠበቃት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የሥራ ክፍሉ በጓሮ በኩል ያለችው ጠባቧ ክፍል ናት ይባላል እንጂ፣ ጨርቁ ቤቱን ከወረሰው ሰንብቷል። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ስለምትገባ እስከዚያ ቀን ልብ አላለችውም ነበር።

እትዬ ቀጣይ ያሰኛት ሥራዋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ «ቀጣይ!» ስትል ኖራለች። በዚያች መስኮት ብቅ የማይል ፊት አልነበረም። የሚያለቅስ ይመጣል፣ የሚቆጣ ይመጣል፣ ካርዱን ራሱ ጥሎ እሷን የሚከስ ይመጣል፣ «እኔን አታውቂኝም እንዴ?» የሚል ደግሞ አለ፤ ኧረ ከየት ትወቅህ! ልማዱ ቤቷም ድረስ ተከትሏት ራት ስታወጣ ለባሏ ትሰጥና ወደ ልጇ ዞር ብላ «ቀጣይ!» ትላለች። ጎረቤት ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ስሙ በዚያው ጸደቀ።

እናም ለጡረታዋ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰው ፊት የማታይበት ቦታ ቁጭ ማለት። ወርቅ አልጠየቀች፣ ባሕር ማዶ አልጠየቀች። ቁጭ ብላ፣ ከፊቷ ማንም ሳይቆም፣ ዛፍ ማየት ነው የፈለገችው።

«ስማ» አለችው ባሏን፣ የቁልፉን ቆርቆሮ በአንድ እጇ እንደያዘች። «ወይ የምቀመጥበት ታበጅልኛለህ፣ ወይ ልጄ ጋ እገባለሁ። እሷ ቤት ሶፋ አለ። ሶፋው ላይ ደግሞ ሱሪ የለም።»

ልብስ ሰፊው ሁሌ ስትናደድ የምትለው መስሎት ሳቀ። ወዲያው ግን ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ ስታወርድ አየና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ይህ ሰው ያለ እሷ አንድ ቀን የሚያድር ሰው አይደለም። የካልሲውን መኖሪያ አያውቅም፤ የራሱን ስልክ ቁጥር የሚጠይቀው እሷን ነው። ይወዳታል ደግሞ፤ ሲናገረው ሰው አልሰማውም እንጂ ክፉኛ ይወዳታል።

«ጓሮውን አሠራልሻለሁ!» አለ እየተንተባተበ። «ዘመናዊ አድርጌ፣ መጽሔት ላይ እንደምናየው። ሣር ይነጠፋል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደራል፣ ትንሽ የውሃ ገንዳ ይኖራል። ከቤቱ ግድግዳ ሥር መቀመጫ አሠራልሽና ለቤቱ ጀርባሽን ሰጥተሽ ጓሮው ጫፍ ያለውን ዛፍ ታያለሽ። ከዛፉ ወዲያ ያለው ቁልቁለትና ሰማይ ነው፤ አንድም ሰው አታዪም።»

«ማን ነው የሚነድፈው?»

«ማን ይነድፈዋል? እኔ ነኛ! ኮት የነደፈ እጅ ጓሮ ያቅተዋል?»

ጓሮው በዚያን ጊዜ የዛገ ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛና ሰው የሚያህል ሳማ ነበር። እትዬ ቀጣይ በመስኮት አየችውና ሳትወድ ሻንጣውን መለሰችው። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «ቁሚ» አላት። ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ለካ። ከክርኗ እስከ ዳሌዋ ለካ። ወገቧ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቷ አለቀ።

«የምታሠራው መቀመጫ ነው ወይስ ቀሚስ?»

«ለመደገፊያው ነው። ዝም ብለሽ ቁሚ።»

በትዳራቸው ዘመን አንዲት ቀሚስ ሰፍቶላት አያውቅም። ሁሌ «እቺን ትእዛዝ ልጨርስና» ነው፤ ትእዛዙ አያልቅም፣ እሷ ከገበያ ገዝታ ትለብሳለች። ዓይኗን ታፍጥበት እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መለካቱ ደስ ብሏት ነበር።

እንግዲህ ልብስ ሰፊ ያለ ወረቀት መቀስ አያነሳም። ሌላ ሰው ቢሆን ጓሮውን በአንዲት ገጽ ላይ አሳንሶ ይስለዋል። የኛ ሰውዬ ግን «ልብስ አሳንሰው ስለው ይሰፋሉ እንዴ? ልክ በልኩ ነው!» አለና ቡናማ ወረቀቱን እያመጣ በስፌት መኪናው እርስ በርስ ይገጣጥመው ጀመር። ቢሰፋው ቢሰፋው ወረቀቱ ጓሮውን አክሎ ቁጭ! በበር አልወጣ ሲል ተጠቅልሎ በመስኮት ወጣ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተንጠልጥለው «ለማን ነው የሚሰፋው? ለዝሆን ነው?» አሉ። ጆሮውን አልሰጣቸውም። መቀመጫውን፣ መንገዱን፣ ገንዳውንና የአበባውን መደብ ሁሉ እንደ ኪስና እንደ ኮሌታ ነድፎ፣ በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ጫፏ ወደ ቤቱ የምታይ ቀስት በእርሳስ አደረገ። ከፋይ የሚባለው ጨርቅ ሲቆረጥ እንዲያ ነው የሚደረገው። የከፋይ ጸጉር ወደ አንድ ወገን ነው የሚተኛው፤ አንዱ እጅጌ ተገልብጦ ከተቆረጠ ቀለሙ ይለያል፣ የልብስ ሰፊውም ስም ከዚያ ወዲያ አይነሳም። እሱ ደግሞ በሙሉ ዕድሜው አንድም ከፋይ ገልብጦ ቆርጦ አያውቅም፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

ግንበኛ ተቀጥሮ ሥራው ሲጀመር እትዬ ቀጣይ አቧራውን ሸሽታ ልጇ ጋ ሰነበተች። ሶፋው እንደተባለው ሆነ፤ እንዲያውም እግር የሚያሳርፍ ትንሽ ወንበር ነበረው። ልጇ «እማዬ፣ እዚሁ ቅሪ በቃ» ስትላት እሷም እንደ ዋዛ «እናያለን» ትላት ጀመር። ይህ «እናያለን» ለልብስ ሰፊው በስልክ ሲደርሰው ግንበኛውን ፋታ ነሳው።

በተመለሰች ቀን ባሏ ዓይኗን በሁለት እጁ ከድኖ፣ የቤቱን ጎን አዙሮ ጓሮ አስገባት። «አሁን ክፈቺ!»

ከፈተች። ሣሩ ለምለም፣ ድንጋዩ ቀጥ ያለ፣ ገንዳው ውስጥ ውሃው ጥርት ያለ! «አቤት!» አለች ከልቧ። መቀመጫው ግን የተባለበት ቦታ የለም። ዞር ዞር ብትል፣ ጓሮው ጫፍ፣ ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ ጀርባውን ለዛፉ፣ ፊቱን ለቤቱ ሰጥቷል። ጫፍ ላይ ሊሆን የታሰበው የአበባ መደብ ደግሞ የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ በቅሏል፤ ከወጥ ቤት የሚወጣ ሰው ወይ ይዘላል ወይ አበባ ይረግጣል።

ሄዳ ተቀመጠች። ልኳ ነው! ጉልበቷ በወጉ ታጠፈ፣ ወገቧ መደገፊያው ላይ ልክክ አለ፣ ክንዷ ያረፈበት ሁሉ ምቹ ነው። እፎይ ብላ ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የሥራ ክፍሉ መስኮት ተገትሯል፤ መስኮቱ ውስጥ ደግሞ ባሏ ፈገግ ብሎ እጁን ያውለበልባል። እሷን አስቀምጦ ለካ ሮጦ ገብቶ ኖሯል።

መስኮትና ፊት! ያውም ያገባችው ፊት!

«ዛፉስ?» አለችው ጮክ ብላ።

«ከጀርባሽ ነው! ጥላ ይሆንሻል!»

«ላየው አልነበረም ወይ?»

«ዘመናዊው እንዲህ ነው!» አለ ላብ ላብ እያለው። «አሁን ዛፍ በጀርባ ነው የሚደረገው!»

ግንበኛው ተጠርቶ መጣ። ወሬኛ ነው፣ ሳይጠየቅ ጀመረ። «እኔ የለሁበትም እትዬ። ወረቀቱን ያነጠፉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። አነጠፉና የሚቸኩል ሥራ አለብኝ ብለው ገቡ። ማታ ሲወጡ ሲሚንቶው ደርቋል። ጠዋት እኮ ‹ይቺ ቀስት ወደ ዛፉ ነው እንዴ የምታየው?› ብያቸዋለሁ። ‹የምን ቀስት? ሥራህን ሥራ!› አሉኝ። ወረቀቱ መቀመጫውን ጣራ ላይ ቢያደርገውም ጣራ ላይ እሠራው ነበር።»

«ውሸታም!» ልብስ ሰፊው ቱግ አለ። «የምን ቀስት? አንተ ነህ ያዞርከው! እኔ ነኝ ገልብጬ የማነጥፈው? እኔ?» ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ። ከዚያ ድንገት ሟሸሸና «በቃ፣ ነገ መዶሻ ይዘህ ና። ይፈርሳል» አለ።

«ፈርሶ እስኪሠራ ልጄ ጋ ነኝ» አለች እትዬ ቀጣይ። ያ «እስኪሠራ» የሚሉት ነገር ማለቂያ እንደሌለው ባልና ሚስቱ ያውቁታል።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣው በሩ ሥር ቆመ። ግንበኛው መዶሻውን ዛፉ ላይ አስደግፎ የሥራ ልብሱን ሊቀይር ሄደ። ልብስ ሰፊው መቀመጫው ሲፈርስ ማየት አልሆንልህ ብሎት የሥራ ክፍሉ ገብቷል። እትዬ ቀጣይ ደግሞ፣ መቼም ልኳ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ አረፍ ልበልበት ብላ ተቀመጠች።

መስኮቱ ውስጥ ባሏ መርፌና ክር ይዟል። እንደምታየው አላወቀም። ክሩን ወደ መርፌው ላከው፤ ሳተ። በምራቁ አርሶ ላከው፤ ሳተ። መርፌውን አፍንጫው ድረስ አቀረበው፣ ክንዱ እስከሚዘረጋ አራቀው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሌላኛውን ጨፈነ። ሳተ። ዞር ብሎ በሩን አየና፣ ማንም አለመኖሩን አረጋግጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ጣለ።

እትዬ ቀጣይ ያን ፊት ታውቀዋለች። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የሐኪም ወረቀት ይዘው ይመጡና፣ ማንበብ ሲያቅታቸው «መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው» የሚሉት ሰዎች ፊት ነው። መነጽር ኖሯቸው አያውቅም። የያዙትን ሁሉ አንብባላቸው ሸኝታለች። የገዛ ባሏን ግን አላየችውም! ቀስቷን የካደው ዋሽቶ አይደለም፤ ራሱ በእርሳስ ያደረጋት ቀስት መልሳ አልታየችውም። ሶፋ አልጋውን የወረሰው ሱሪም የሥራ ብዛት አይደለም፤ መጨረስ አቅቶት ነው። አንጀቷን በላት። በራሷም ተናደደች፣ በእሱም ተናደደች፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ይደበቃል?

ግንበኛው ተመልሶ መዶሻውን አነሳ።

«ተው!» አለችው። «ንክች እንዳታደርገው!»

ሣሩን አቋርጣ፣ ድንጋዩን አቋርጣ፣ አበባውን በዚያ ዕድሜዋ ዘላ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ልብስ ሰፊው ደንግጦ መርፌውን መዳፉ ውስጥ ሸሸገ፤ ወጋውና «ውይ!» አለ።

«አምጣ።»

«ምኑን?»

«መርፌውን ነዋ።»

«የዘንድሮ መርፌ እኮ መርፌ አይደለም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ቀዳዳውን እንኳ በወጉ አይበሱለትም።»

ተቀብላ ባንዴ አስገባችለት። ክሩን ስባ ስትሰጠው ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ ጆሮው ቀልቷል። ልትናገር የመጣችው ብዙ ነበር። ያን ጆሮ ስታይ ሁሉንም ዋጠችውና ሌላ ነገር አለች።

«ሰሞኑን ዓይኔ እየደከመብኝ ነው። ዓይን ሐኪም ጋ ውሰደኝ፤ ብቻዬን እፈራለሁ።»

የሰውየው ፊት ቦግ አለ። «እኔም እኮ ዓይንሽ መድከሙን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር! ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው። እዚያ ከሄድን አይቀር ታዲያ እኔንም እግረ መንገዳቸውን ቢያዩኝ ምን ይላል?»

«ምን ይላል፣ ምንም።»

«እትዬ!» አለ ግንበኛው ከወዲያ። «ምኑን ልስበር ታዲያ?»

«ምንም አትሰብር። ሻንጣዬን ወደ ውስጥ መልስልኝ።»

ተመልሳ ዛፉ ሥር ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ክር የገባለትን መርፌ ትክ ብሎ አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«አንቺ! ዓይኔ ደከመ አላልሽም? እንዴት ባንዴ አስገባሽው?»

«ለቅርብ ደህና ነው» አለች እትዬ ቀጣይ። «ያስቸገረኝ ለሩቅ ነው።»

ልብስ ሰፊው ነገሩ ገብቶታል። ሱሪውን ትከሻው ላይ ጣል፣ የስፌት ወንበሩን ብድግ አድርጎ በዋናው በር ዞሮ መጣ። መቀመጫው በእሷ ልክ የተሠራ ስለሆነ ሁለት ሰው አይችልም። ወንበሩን ከጎኗ አስጠግቶ ተቀመጠና፣ ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ መስኮት እያዩ፣ እሱ ሱሪውን ይዘመዝም ጀመር።