ወርቅ ሠሪው ዘርኡ እና የሰዓዳ ጣት

ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሠሪው ዘርኡን የማያውቅ የለም፤ ቤቱን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ቀን ከደንበኛ ጋር ሲቀልድ ይውልና ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለች አንዲት ክፍሉ ብቻውን ይገባል። ብቸኝነቱ ያመው ነበር፤ ለማን ይንገር?

ሚስቱ የሺ የሞተችው በመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ፊቷና እጇ ሲያብጥ ጎረቤቱ «ወዝሽ ወጣ» እያለ አደነቃት። ዘርኡም ሙያው አታሎት፣ ጣቷ በወፈረ ቁጥር ቀለበቷን በሳሙና እያወጣ ሁለት ጊዜ አሰፋላት። ለምን አበጠ ብሎ ሳይጠይቅ! ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ አንቀጠቀጣትና ከነልጇ አለፈች።

«ሰውነት በሽታ የሚከላከልለት ዘብ አለው» አለው ያኔ ያከማት ሐኪም። «ጽንስ ግማሹ የአባቱ ስለሆነ ለዚያ ዘብ እንግዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይለምደዋል። ካልለመደው ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ሥር በደንብ አይሰፋም፣ የእናትየው ደም ግፊትም ይጨምራል። ገና እየተጠና ነው እንጂ እንዲህ ይመስለናል።»

ዘርኡ የሰማው «ግማሹ የአባቱ» የሚለውን ብቻ ነው። የገደልኳት እኔ ነኝ ብሎ ዐሥራ አንድ ዓመት ከራሱ ጋር ተጣላ።

በ1978 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ ሰዓዳ የምትባል ነፍሰ ጡር ሱቁ መጣች። ባሏ በተጋቡ በሦስተኛው ወር ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል።

«ጋሼ፣ ቀለበቴ አልወጣ አለኝ። ሳይቆርጡ ያውጡልኝ፤ ባሌ ጦር ሜዳ እያለ ማስቆረጥ ሟርት ነው።»

የዓይኗ ቆብ ጭምር አብጧል። ዘርኡ ጣቷን ትቶ ፊቷን አየ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ሦስት ቀኔ። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።»

«እቆርጠዋለሁ ልጄ። ባልሽ ሲመለስ የሚጠይቀው አንቺን ነው። ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት!»

እያለቀሰች እጇን ሰጠችው። ሱቁን ዘግቶ በታክሲ ወሰዳት። ግፊቷን የለካችው ነርስ ወደ ሐኪሙ ሮጠች፤ ሰዓዳም ወዲያው ለቀዶ ሕክምና ገባች።

ዘርኡ ምሳ ሳይቀምስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዐሥር ሰዓት ላይ ነርሷ ብቅ አለች።

«የሰዓዳ አባት ነዎት?»

«ነኝ» አለ፣ ሳያስበው።

«ወንድ ነው። በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ሁለቱም ተርፈዋል።»

እስከ ፒያሳ በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ ሊነግር ፈለገና አፈረ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ወንድ እልል አይልም፤ ለተወለደው ልጅ ግን በዚያ ቤት ሌላ እልል የሚል ስላልነበረ፣ ዘርኡ ድምፁ እየተሰበረ፣ ለወንድ ልጅ እንደ ወጉ ሰባት ጊዜ ብቻውን እልል አለ።