በዳቦ ምድጃ ጀርባ ላይ የደረቀው ቴፕ

የጋለ አቧራ ሽታ ታውቃለህ? ዝናብ የነካውን የመሬት አቧራ አይደለም የምልህ። ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ ማሽን ሆድ ውስጥ የተኛ አቧራ፣ መብራት ሲደርሰው የሚሸተውን ነው። በቀደም ጎረቤቴ ከሣጥን ያወጣውን አሮጌ ቴሌቪዥን ሰካና ያ ሽታ መጣ። ወንበሩን ያዝ አደረግሁ።

"አዞረዎት እንዴ አባባ?" አለኝ።

አላዞረኝም። ወጣትነቴ ነው በአፍንጫዬ የገባው።

ያኔ አሶሳ ገበያው ዳር ሬዲዮ እጠግን ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እጄ ግን ከብየዳ ጋር ተግባብቷል። ከሱቄ ጎን ዳቦ ቤት ነበረ። ጋጋሪዋ ከሱዳን ጠረፍ ከኩርሙክ የመጣች፣ ክንደ ብርቱ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሁላችንም ኻልቲ ነው የምንላት፤ በዐረብኛው አክስቴ ማለት ነው። እኔም እሷም አማርኛን የለመድነው ከገበያ ነው። ሦስተኛው ጓደኛችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ሲረግም ይውልና ማንጎ ሲያገኝ ይረሳዋል።

ከተማው ዳር አንድ መጋዘን አለ። የእርሻ ፕሮጀክት መጥቶ፣ ጊዜው ሲበላሽ ጓዙን ጥሎ የሄደበት። ከጓዙ መሃል ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ። ዛሬ ጭንህ ላይ እንደምታስቀምጠው እንዳይመስልህ። ትልቋ ቁም ሣጥን ታክላለች፤ ፊቷ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ እንደ ጥርስ ተደርድሯል፤ ደረቷ ላይ ሰሃን የሚያክል የቴፕ ጥቅል ይሽከረከራል። ትንሿ የስኳር ከረጢት ብታክል ነው፤ ሁለቱም ፊደል የሚወጣበት ጥቁር መስታወትና በጣት የሚጫኑት የፊደል ገበታ አላቸው። ፕሮጀክቱ እያለ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን የቢሮውን ሬዲዮ ልጠግን ገብቼ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ባስጠጋ፣ አንዱ ባለሙያ "ዞር በል፣ ይሄ ላንተ አይደለም" አለኝ።

ያን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

ፕሮጀክቱ ሲሄድ የመስታወት ክፍሉን እንጨት ምስጥ በላው። እኔና መምህሩ ገባን። የማሽኖቹን ሆድ ስንከፍት ጭቃ ነው፤ ምስጡ እዚያም ቤት ሠርቷል። ካርዶቹን፣ ሽቦ የታተመባቸውን ሰሌዳዎች፣ አንድ በአንድ እያወጣን በውሃ አጠብን፣ በብሩሽ ጠረግን፣ ቀርከሃ አልጋ ላይ ፀሐይ አሰጣናቸው። የሚያልፈው ሁሉ ይስቅብናል።

"በርበሬ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ የፈረንጅ በርበሬ!" ይላል መምህሩ።

እንዲህ ስንል አዲስ የቢሮ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብስ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። "መጋዘኑ ለማዳበሪያ ይፈለጋል። ይሄን ብረት ቀጥቃጮች ይውሰዱት፣ መቆፈሪያ ይወጣዋል" አለ።

"ትልቋ ማሽን ትሠራለች እኮ" አለው መምህሩ።

ኃላፊው የእጃችንን ጭቃ አይቶ ሳቀ። "እሺ። ማዳበሪያው ቅዳሜ ይገባል። እስከዚያ ከሠራች ትቆያለች፤ ካልሠራች ትቆረጣለች።"

ማሽን መብራት ስላገኘ ብቻ አይነሳም። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ትእዛዝ ይፈልጋል። መምህሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይለዋል። የእኛዋ ትእዛዝ በሁለት ቴፕ ተቀድቷል፤ አንዱ የአንዱ መጠባበቂያ ነው። ክረምቱ ግን ሁለቱንም አርጥቧቸው ነበር። ስናዞራቸው እንደ ማር ይጣበቁና ሲጢጥ ብለው ይቆማሉ።

ያን ሲጢጥታ አውቀዋለሁ። የሱዳን ዘፈን ካሴቶች በክረምት እንደዚያው ያደርጋሉ። ያን ጊዜ የገበያው ሰው ካሴቱን ለኻልቲ ይሰጣታል። እሷ ዳቦው ከወጣ በኋላ በምድጃዋ ጀርባ ጨርቅ አንጥፋ ትደረድራቸዋለች፤ በማግሥቱ ጥርት ብለው ይዘፍናሉ። ቴፖቹን ይዘን ሄድን። አገላብጣ አየቻቸው።

"ይቺ ካሴት ወፍራም ነው። ማን ነው የሚዘፍነው?"

"ማሽኗ ናት ኻልቲ።"

"እንግዲያ ሰርግ አለ!"

"መጥተሽ ታያታለሽ።"

"ምድጃዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ? እሱ ይምጣ እንጂ።"

ይህን ስትል ነው ሐሳቡ የመጣልን። ትንሿን ማሽን በጋሪ፣ በዱቄት ከረጢት ሸፍነን ወደ ዳቦ ቤቱ ወሰድናት። ከመጋዘኑ እስከ ዳቦ ቤቱ ቀርከሃ ተከልን፤ በቀርከሃው ላይ የስልክና የመብራት ሽቦ ዘረጋን። ትልቋ ከተነሳች ትእዛዙን በሽቦው ለትንሿ ታጎርሳታለች፤ ከዚያ ሁለቱ ይነጋገራሉ። መምህሩ ከማሽኖቹ ጋር የተጣለውን መጽሐፍ እያነበበ የነገረኝ እንደዚህ ነው።

ግን ቸኮለ። ቅዳሜ ሲቃረብ፣ የምድጃው ጀርባ ይዘገያል ብሎ፣ ኻልቲ ዞር ስትል አንዱን ቴፕ ምድጃው ውስጥ፣ ዳቦው በወጣበት ቦታ ከተተው። ሽታው ነው የጠራን። ስናወጣው ተጨማዶ ቋንጣ መስሏል። መምህሩ ራሱን ይዞ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ኻልቲ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመችበት።

"አንተ መምህር፣ ዳቦም እንዲህ ቸኩለህ ነው የምትበላው?"

አንድ ቴፕ ቀረን። እሱ ከጠፋ ማሽኗ ዱዳ ሆና ነው የምትቆረጠው። ኻልቲ ከእጄ ተቀብላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችውና ከካሴቶቹ መሃል አስተኛችው። እንደ ዳቦ እያገላበጠችው ዋለች። ማናችንንም አላስጠጋችም።

ቅዳሜ ጠዋት ፕሮጀክቱ ጥሎት የሄደውን ጄኔሬተር በርሜል ውስጥ በተረፈው ናፍጣ አስነሳሁ። መምህሩ ከመጽሐፉ ይጠራል፣ እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን እመታለሁ። "ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ላይ።" ያ የጋለ አቧራ ሽታ መጋዘኑን ሞላው። ቴፑ ተነቃነቀ፤ ሲጢጥ አላለም፤ ሄደ። መብራቶቹ ፊቷ ላይ ተሯሯጡ፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ወጣ። መምህሩ አቅፎኝ ሙቀቱን ረገመ። ከዚያ ትንሿን ሊያስነሳ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠ።

ኃላፊው ከቀጥቃጮቹ ጋር ሲገባ ብቻዬን ነበርኩ። በጣቴ አሳየሁት። መስታወቱ ላይ፣ በፈረንጅ ፊደል በአማርኛ፣ "ዳቦ ወጣ" ይላል።

"ማነው የጻፈው?"

"ኻልቲ ናት። መምህሩ ፊደሉን እያሳያት፣ ከዳቦ ቤቷ።"

"ዳቦ ጋጋሪዋ?"

"ሽቦውን ተከትለው ይዩ።"

ተቀመጠና በአንድ ጣቱ "ትኩስ ነው?" ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ "ና ብላ" የሚል መጣ። ሳቀ፤ እንደ ልጅ ነው የሳቀው። አሸነፍን አልኩ በልቤ። ከዚያ ተነስቶ ሸሚዙን አስተካከለ።

"ጎበዞች ናችሁ። ግን የማዳበሪያው መኪና በር ላይ ቆሟል። የት ላራግፈው? ደግሞ ይሄ ለአሶሳ ምን ይጠቅማል?"

"ቃል ገብተው ነበር።"

እኔ ቢሮ ስገባ ባርኔጣዬን የማወልቅ፣ ድምፄ የማይሰማ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ ጀርባዬን ለማሽኗ፣ ፊቴን ለቀጥቃጮቹ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። "ኳስ ምን ይጠቅማል? ዘፈንስ ምን ይጠቅማል? ደስ አለን፣ በቃ። በርሜሉ ውስጥ ናፍጣ እስካለ ማንም አይነካትም" አልኩ።

ከቀጥቃጮቹ ሽማግሌው መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። "እኛም እንዲህ በቁሟ እያለች እጃችንን አናነሳባትም" አለ።

ኃላፊው ትቶን ወጣ። ቀጥቃጮቹ ዙሪያዬን ተቀመጡ። ሽማግሌው ቆይቶ ጠጋ አለኝና፣ "እኔስ ዳቦ ማዘዝ እችላለሁ?" አለኝ። ጻፍኩለት። መልሱ "ለስንት አፍ?" የሚል ነበር። እስከ ከሰዓት እንዲህ ስንባባል ዋልን፤ ዳቦው ሲመጣ ከነእንፋሎቱ ተካፈልነው። ፀሐይ ወደ ጓሮ ስትዞር ጄኔሬተሩ አንዴ አሳለ፣ ደገመ፣ ዝም አለ። መብራቶቹ ከፊቷ ላይ ጠፉ። ቴፑን አውልቄ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩና ለሽማግሌው መንገድ ለቀቅሁ።

ዛሬ ሰዎች ኮምፒውተር አሶሳ የገባው ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ውሸት ነው እላለሁ፣ የትም ሆኜ፣ ማንም ይሁን። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከእኛ ሬሳ አልተወሰደም። ተነስታ፣ ተናግራ፣ ሰው አብልታ ነው የተወሰደችው።

ዳቦ ቤቱ ስደርስ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መጋዘኑ ያያል። ኻልቲ ከጨለመው መስታወት ፊት ተቀምጣለች፤ ዱቄት የነካው ጣቷ አሁንም ፊደሎቹን ይጫናል።

"ዝም አለብኝ። ይቺ ልጅ አሞታል እንዴ?"

"ናፍጣው አለቀ ኻልቲ። አሁን እየቆረጧት ነው።"

ከመጋዘኑ በኩል የመዶሻ ድምፅ መጣ። ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝና ቴፑን ሰጠኋት። ደረቅ ነበር። ቢሆንም በጨርቅ ጠቅልላ ምድጃው ጀርባ፣ የሰው ካሴቶች መሃል አስቀመጠችው።

"ክረምት ይመጣል" አለች።

መምህሩ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እኔም አረጀሁ። ኻልቲ ግን እስክትሞት ድረስ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ያን ቴፕ ታወጣና፣ የሚያጫውተው ማሽን በሌለበት አገር፣ ጨርቅ አንጥፋ ታገላብጠው ነበር።