ለፀሐይ የሚተው ክፍተት

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሸዋ ሮቢት ግቢያቸው ውስጥ ጣውላ ላይ ለምትዞር አሻንጉሊት ባቡር ሐዲዱን በእጃቸው ይሠሩ ነበር። አስቸጋሪው ሐዲዱ ለሁለት የሚገነጠልበት ቦታ ነው። ጠዋት ብረቶቹን አጣብቄ ስገጥም ይቆጡኛል፤ «ቀትር ላይ ሲያብጥ የት ይግባ? ለፀሐይ ቦታ ተውላት እንጂ።» ምን ያህል ልተው ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጥፍር ያህል።»

ከሞቱ ወዲህ የጀመሩትን መገንጠያ ልጨርስ እታገላለሁ። ክፍተቱን ሳጠበው በቀትር ሐዲዱ ይጎብጣል፤ ሳሰፋው ባቡሯ ትወድቃለች። ፈትቼ መግጠም ሰለቸኝ። ትናንት ነው ትዝ ያለኝ፤ የሚለኩት ያንን ወፍራም የአውራ ጣት ጥፍራቸውን በብረቶቹ መሃል እያስገቡ ነበር። የእኔ ስስ ነው። መለኪያውን ይዘውብኝ ሄዱ።